ከቤት አትውጡ ሲባል፦ በወረርሽኝ ጊዜ ጭንቀትን ለመቋቋም የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

መጋቢት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ ጥሊሊና አዲስ ቅዳም በኮሮና ምክንያት ለ14 ቀን እንዲዘጉ ሲወሰን እኔ ደብረ ማርቆስ ነበርኩ። እኛ ጋ ገና እንዲህ ያለ ትእዛዝ አልመጣም፤ ሰፈራችን ግን የዚያን ዕለት ማታ በራሱ ተዘጋ። እናቴ ቡናዋን አፍልታ እንደ ልማዷ «ኑ ቡና ጠጡ!» ልትል በር ላይ ወጣች። አፏን ከፈተችና ዝም አለች። ተመልሳ ገብታ ተቀመጠች። የቀዳችው ስድስት ስኒ ነበር። ሁለቱን እኔና እሷ ጠጣን፤ አራቱ ረከቦቱ ላይ እንዳሉ በረዱ።

የኮሮናን ጊዜ ሳስብ ድቅን የሚሉብኝ እነዚያ አራት ስኒዎች ናቸው። ስለ ጭንቀት ሲወራ ብዙ ጊዜ «አትጨነቂ፣ ራስህን አረጋጋ» ይባላል፤ ነገሩ የዚያ ሰው ድክመት ይመስል። የጎጃም ሰው ሐዘኑን የሚያወጣው ለቅሶ ቤት ነው፤ ብሶቱን የሚናገረው ቡና ላይ፣ ወሬ የሚያጣራው ገበያ፣ ተስፋውን የሚያድሰው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ሲቸግረው የሚደግፈው ዕቁቡና ዕድሩ። መጋቢት 30 ቀን የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብንና መጨባበጥን ሲከለክል ለሕይወታችን ተብሎ ነው፤ ትክክልም ነበር። ነገር ግን የምንጽናናባቸውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወሰደብን። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው በሙሉ በአንድ ጥያቄ ላይ የቆመ ነው፦ የተቋረጠው ነገር ምን ይሰጠን ነበር? ያንኑ በርቀት እንዴት እናገኘዋለን?

ጥያቄው ያለፈበት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. እንዳስታወቀው በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት የጭንቀትና የድብርት ሕመም በዓለም ላይ በ25 በመቶ ጨምሯል። ወረርሽኝም ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ኅዳር 12 በየዓመቱ ቆሻሻ እያቃጠልን «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው በ1911 ዓ.ም. ሕዝብ የፈጀውን የኅዳር በሽታ እያስታወስን ነው። እንደገና ቢመጣ ከዚህ ጽሑፍ የሚጠቅማችሁን ያዙ።

አንደኛ፦ የያዛችሁን ነገር በስሙ ጥሩት

«እንዴት ናችሁ?» ስንባል «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። ለሰላምታ ጥሩ ነው። ለራሳችሁ ግን በቀን አንዴ፣ ብቻችሁን ሆናችሁ፣ እውነተኛውን መልስ ስጡ። ልቤ ድው ድው ይላል? ሆዴን ባር ባር ይለኛል? ትከሻዬና አንገቴ ተወጥሯል? እህል አልበላ ብሎኛል? ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነቅቼ ጣራ ጣራ አያለሁ? ልጄ ውኃ ስላፈሰሰ ብቻ ጮኽኩበት? ከዚያ ስሙን አውጡለት፦ ፈርቻለሁ፣ አዝኛለሁ፣ ተናድጃለሁ፣ ሰው ናፍቆኛል። እነዚህ አራቱ ይለያያሉ፤ መድኃኒታቸውም እንደዚያው። ሰው የናፈቀው ሰው «ፈርቻለሁ» ብሎ ቀኑን ሙሉ እጁን ቢታጠብ አይቀለውም።

ሰውነታችን ላይ የሚሆነው ይህ ነው። አእምሮ አደጋ ሲያይ ሰውነትን ለመሸሽ ወይም ለመታገል ያዘጋጃል። አድሬናሊን የሚባለው ንጥረ ነገር ይለቀቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ የሆድ ሥራ ይቀዘቅዛል። መንገድ ላይ ጅብ ቢገጥመን ይህ ያድነናል፤ ጅቡ ሲሄድም ሰውነታችን ይረጋጋል። በሽታ ግን አይታይም፣ «ሄደ» የሚባልበት ሰዓትም የለውም። ሰውነታችን ለወራት እንደ ዘበኛ ቆሞ ያድራል፤ ድካሙም ከዚያ ነው።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ጭንቀት ራሱ ደረት ያጨንቃል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ያኔ ብዙ ሰው «ያዘኝ» ብሎ ሌሊቱን ሲንቆራጠጥ ያድር ነበር። ከጭንቀት የሚመጣ የትንፋሽ ማጠር ይመጣል ይሄዳል፤ ሥራ ስትይዙ ወይም ሰው ሲያጫውታችሁ ቀለል ይላል። ትኩሳት ካለ፣ ሳሉ ካልተወ፣ ትንሽ ስትራመዱ ትንፋሹ ከባሰ ግን «ጭንቀት ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ወደ ጤና ተቋም ደውሉ ወይም ሂዱ።

ቀጥሎ ወረቀት አምጡና መሃሉ ላይ አስምሩ። በአንድ በኩል «በእጄ ያለ»፣ በሌላው «በእጄ የሌለ» በሉ። የእኔ ወረቀት ላይ በእጄ የሌለው ረጅም ነበር፦ በሽታው መቼ ይቆማል፣ ወንድሜ አዲስ አበባ ታክሲ ላይ ምን ይነካል፣ ትምህርት ቤት መቼ ይከፈታል። በእጄ ያለው አራት ብቻ ሆነ፦ ለወንድሜ ማታ ማታ መደወል፣ የእናቴን የደም ግፊት መድኃኒት የሁለት ወር መግዛት፣ በር ላይ ውኃና ሳሙና ማስቀመጥ፣ የጓሮውን ጎመን መኮትኮት። አራቱን ሠራኋቸው። ሁለተኛውን ዝርዝር ደግሞ ማታ ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ብቻ እንዳስበው ቀጠሮ ሰጠሁት። ሐሳቡ ጠዋት ሲመጣ «ማታ እንገናኝ» እለዋለሁ። መጀመሪያ የሞኝ ሥራ ይመስላል፤ በሳምንቱ ግን ብዙው ሐሳብ ቀጠሮውን ማክበር ጀመረ።

ሁለተኛ፦ ትንፋሽ

መደብ ወይም ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ እግራችሁ መሬት ይርገጥ። አንድ እጃችሁን እምብርታችሁ ላይ አድርጉ። በአፍንጫ አየር እያስገባችሁ በልባችሁ እስከ አራት ቁጠሩ፤ ከፍ ማለት ያለበት ደረታችሁ ሳይሆን ሆዳችሁ ነው። ከዚያ ከንፈራችሁን ሞጥሞጥ አድርጋችሁ፣ ትኩስ ሻይ እንደምታበርዱ ቀስ ብላችሁ፣ እስከ ስድስት እየቆጠራችሁ አስወጡ። ከሰል ስታቀጣጥሉ እንደምትሉት «ኡፍ!» አይደለም፤ ረጋ ያለ ነው። ለአምስት ደቂቃ ቀጥሉ። ካዞራችሁ ተዉትና እንደ ወትሮው ተንፍሱ።

ሚስጥሩ የሚወጣው ትንፋሽ ከሚገባው መርዘሙ ላይ ነው። ከአእምሮ ወርዶ ልብንና ሆድን የሚያገናኝ ነርቭ አለ፤ ትንፋሽ ቀስ ብሎ ሲወጣ በዚያ ነርቭ በኩል ልብ ዝግ እንዲል መልእክት ይደርሰዋል። ይህን ደህና በሆናችሁበት ሰዓት ተለማመዱት። በድንጋጤ መሃል አዲስ ነገር መማር ይከብዳል።

የሚጸልይ ሰው ይህን በጸሎቱ ውስጥ ሊያገኘው ይችላል። እናቴ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ስትል በድሮው ፍጥነት ነበር፤ አንድ ቀን አብረን ቀስ አልን፣ በአንድ ረጅም ትንፋሽ አንድ ጊዜ። አርባ አንዱን ስንጨርስ ትከሻዋ ወርዶ አየሁት። ሙስሊም ጎረቤታችንም ዚክራቸውን እንዲሁ እያዘገሙ እንደሚሉ ነግረውኛል።

ሦስተኛ፦ ቀኑን ቀን አድርጉት

ገበያው ሲከለከል እናቴ ቀን ጠፋባት። ለካ ሳምንቱን የምትቆጥረው በገበያው ቀን ኖሯል። «ዛሬ ምንድን ነው?» እያለች በቀን ሦስት ጊዜ ትጠይቀኝ ጀመር፤ እርጅና መስሎኝ ደነገጥኩ። እርጅና አልነበረም። ቀንን ከቀን የሚለየው ምልክት ሲነሳ ማንም ይደናገራል፤ የተደናገረ ሰው ደግሞ በቀላሉ ይጨነቃል።

ስለዚህ ምልክት ትከሉ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሡ፤ ሥራ የለም ብላችሁ እስከ አራት ሰዓት አትተኙ። ተነሥታችሁ የመጀመሪያ ሥራችሁ ግቢ ወጥቶ ብርሃን ማየት ይሁን፤ የጠዋት ብርሃን ሰውነታችን ማታ እንዲተኛ የሚያስታውሰው ደወል ነው። ልብስ ቀይሩ። በሌሊት ልብስ የዋለ ሰው ቀኑን ሙሉ እንደታመመ ይሰማዋል። ከቁርስ በኋላ ወገብ የሚያጎነብስ ሥራ ያዙ፦ ግቢ መጥረግ፣ ጓሮ መቆፈር፣ እንጨት መፍለጥ። በቀን ግማሽ ሰዓት ላብ ካወጣችሁ ሌሊቱ ይለያል። ከሰዓት እጅን የሚይዝ ሥራ ይምጣ። እንዝርት ያላት ትፍተል፤ ስፌት የምትችል አክርማዋን ታውጣ። እናቴ ያን ጊዜ የሠራችው መሶብ ዛሬም ቤታችን አለ፤ በፈትልና በስፌት ላይ እጅ ያንኑ እንቅስቃሴ ስለሚደጋግም ሐሳብም አብሮ ይረጋጋል።

ሳምንቱንም ለዩት። የገበያው ቀን ሲደርስ ቤቱን አጽዱ፣ ወጥ ለወጥ አድርጉ። እሑድ ነጭ ልበሱ፤ የትም ባትሄዱም። ማታ ከመተኛታችሁ አንድ ሰዓት በፊት ስልኩን ከመኝታ ክፍል አውጡት። እንቅልፍ እንቢ ካለ ከግማሽ ሰዓት በላይ አልጋ ላይ አትገላበጡ፤ ተነሡና ደብዘዝ ባለ ብርሃን አንድ ነገር ሥሩ፣ ድብት ሲላችሁ ተመለሱ። ቀን ላይ ማሸለብ ከተፈለገ ከምሳ በኋላ ከግማሽ ሰዓት አይብለጥ።

አራተኛ፦ ወሬውን መጥኑ

የመጀመሪያው ታማሚ አገራችን ውስጥ መጋቢት 4 ቀን ከተገኘ ጀምሮ የነጭ ሽንኩርት፣ የሎሚና የዝንጅብል ዋጋ በሰዓታት ውስጥ ሰማይ ነካ። ፌጦ፣ አረቄ፣ ዳማከሴ፣ የማይባል ነገር አልነበረም። ሰው ሲፈራ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፤ ስለዚህ ማንንም አልወቅስም። ዜና ግን በቀን ሁለት ጊዜ፣ በታወቀ ሰዓት፣ ከሬዲዮ ወይም ከጤና ባለሙያ ይበቃል። በቴሌግራም የሚመጣ «ለሁሉም አድርሱ» የሚል መልእክት ሲደርሳችሁ እንዳትልኩት፤ ለአንድ ሌሊት አሳድሩት። አድሮ እውነት ሆኖ የተገኘውን መቁጠር ብትጀምሩ ስንቱ እንደሚቀር ታያላችሁ።

አምስተኛ፦ ሰው ያዙ

«ሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» እያልን ያደግን ሰዎች ሰው እንዳንነካ ስንታዘዝ፣ መድኃኒቱን የምንወስድበት ሌላ መንገድ ያስፈልገናል። በቁጥር እንነሣ። የአምስት ሰው ስም ጻፉ፦ ሁለቱ እናንተን የሚያጽናኑ፣ ሁለቱ እናንተ የምታጽናኗቸው፣ አንዱ ብዙ ጊዜ ያልተገናኛችሁት። በየቀኑ ለአንዱ ደውሉ። ስትደውሉ «ደህና ናችሁ?» ብላችሁ አትዝጉ። «ዛሬ ምን በላችሁ? ማታ እንቅልፍ ወሰዳችሁ?» በሉ። በዚህ ጥያቄ ሰው ሳያስበው እውነቱን ያወጣል።

ያቺ አራት ስኒ የበረደችባት እናቴ መፍትሔውን ራሷ አመጣችው። ጎረቤቶቿ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እያንዳንዳቸው በየቤታቸው ደጃፍ ጀበና ጣዱ፤ በአጥሩ እየተያዩ፣ ከሁለት የአዋቂ እርምጃ እጅግ በራቀ ቦታ፣ ጮክ እያሉ ያወራሉ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ዕጣኑ ከቤት ቤት ይሻገራል። ምርቃቱ ሳይቀር በአጥር ላይ ተባለ። ጽዋቸውም በወር በ21 እንዲሁ ነበር፤ ዳቦው በየቤቱ ተጋገረ፣ ጸሎቱ በአንድ ሰዓት ተደረገ።

ስልክ የሌላቸው አሉ፤ አዛውንቶች፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጆሮ የከበዳቸው። እያንዳንዱ ዕድር ለአምስት አምስት ቤት አንድ ወጣት ቢመድብ፣ ወጣቱ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሞ «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» ብሎ መልስ ሰምቶ ቢሄድ ይበቃል። መልስ ካልተሰማ ለዕድሩ ዳኛ ይነገረዋል። የቆሎ ተማሪዎችንም አትርሷቸው። የቅኔ ተማሪ የሚበላው በየደጁ እየዞረ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ነው፤ በሮች ሲዘጉ ረሃቡም ብቸኝነቱም እነሱ ላይ ይበረታል። በሳምንት አንድ ቀን ድርቆሽና ቆሎ ሰብስቦ ወደ ጉባኤ ቤታቸው መላክ ለሰጪውም ልብ ይጠቅማል። ከቤት ተዘግቶ «ምንም አልረባም» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላውቅም።

ስድስተኛ፦ መርዶና ለቅሶ

እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ፤ የከበደን ይህ ነውና።

የጎረቤታችን ወንድም አዲስ አበባ ሞተ፤ በኮሮና አልነበረም። በባህላችን መርዶ በንጋት፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀስ ብሎ አዋዝቶ ነው የሚነገረው፤ የሚወድቀውን የሚደግፍ ክንድ ቀድሞ ይዘጋጃል። እሷ የሰማችው ግን በስልክ፣ ማታ ሁለት ሰዓት፣ ወጥ እየሠራች ነው። ጩኸቷን ሰማን። ሁላችንም ወደ በራችን ሮጥንና እዚያው ቆምን። ያቺ ቅጽበት፣ እጃችን በር እጀታ ላይ ሆኖ መውጣት አለመውጣታችንን ስናመነታ፣ ከዚያ ወረርሽኝ ሁሉ ለእኔ የከፋችዋ ናት።

ከዚያ በኋላ በሰፈራችን ሥርዓት አበጀን፤ እናንተም ከመድረሱ በፊት አብጁ። መርዶ በጽሑፍ መልእክት አይላክ። የሞተበትን ሰው በቀጥታ ከመደወል በፊት አብሮት ለሚኖረው ወይም ለቅርብ ጎረቤቱ ይነገር። ሁለት ሰው፣ አፍንጫና አፋቸውን ሸፍነው፣ በንጋት፣ ግቢው ውስጥ በርቀት ቆመው ይንገሩ። አንዱ ቢያንስ እስከ እኩለ ቀን ከግቢው አይራቅ።

ለቅሶውም አይቅር፤ መልኩ ይቀየር እንጂ። ለጎረቤታችን በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሁሉም በየደጃፉ ቆመ። ሙሾ የምታወርድ አንዲት እናት ከአጥሯ ሥር ጀመረች፤ እኛ ከየቦታችን ተቀበልን። እሷ በረንዳዋ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አንድም ሰው አልነካትም፤ ሰፈሩ ሁሉ ግን አብሯት ነበር። ምግቡን በየተራ በር ላይ አስቀምጠን ድምፅ ሰጥተን እንመለሳለን፤ የአንዱ ቀን እንጀራ፣ የሌላው ሽሮ፣ የሌላው ቆሎና ጠላ። ለሠላሳው፣ ለአርባውና ለሰማንያው ደግሞ አንድ አንድ ሰው ተመደበ፤ በዚያ ቀን የሚደውልና ስለ ሟቹ የሚያስወራት። ስለ ሟቹ አውሩ። «አይዞሽ፣ እርሺው» አትበሉ። ምን ይወድ እንደነበር፣ እንዴት ይስቅ እንደነበር ጠይቁ።

ቀብር ላይ መገኘት ያልቻለ ሰው ደግሞ እህል ሲበላም ሲተኛም የሚከተለው ጸጸት አለበት። ለሟቹ ደብዳቤ ይጻፍ፤ መናገር የፈለገውን ሁሉ ይጻፍበት። ፎቶውን ፊት ለፊት አድርጎ ጧፍ ያብራ። መንገድ ሲከፈት ደብዳቤውን ይዞ መቃብሩ ድረስ ይሂድ።

ሰባተኛ፦ እምነት

የ2012 ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ዋለ። አምሳ አምስት ቀን ጾሞ ስቅለትን ሳይሰግድ፣ ትንሣኤን ቤቱ ተቀምጦ በቴሌቪዥን የሰማ ሰው የተሰማውን ባዶነት አቅልለን አንየው። ሙስሊሞችም ከሚያዝያ 16 ጀምሮ ረመዳንን ያለ ተራዊህ ጀማዓ፣ ማለትም ማታ በመስጊድ በጋራ ሳይሰግዱ፣ ጾሙ። ያኔ የጠቀመን ቤቱን ማዘጋጀት ነው። አንድ ጥግ ለዩ፣ ቄጤማ ጎዝጉዙ፣ ጫማ አውልቁ፣ የስግደቱን ሰዓት ጠብቁ፤ ልጆቹን አሰልፉ። ንስሐ አባታችሁን ደውሉላቸው፤ እሳቸውም ብቻቸውን ናቸው። «በሽታው የመጣው በኃጢአቴ ነው» የሚል ሐሳብ ሲያሠቃያችሁ ደግሞ ለብቻችሁ አትሸከሙት፤ ለእሳቸው ንገሯቸው።

ስምንተኛ፦ ልጆች

ትምህርት ቤቶች መጋቢት 7 ተዘግተው ለወራት ቆዩ። ልጅ ሲጨነቅ «ተጨነቅሁ» አይልም። አልጋ ላይ መሽናት የተወው ይጀምራል፣ ከእናቱ ቀሚስ አይላቀቅም፣ ሆዴን ይላል። እንዲህ ሲሆን አትቆጡ። «ምን ሰማህ?» ብላችሁ ጀምሩ፤ የሰማውን ካወቃችሁ በኋላ እውነቱን በአጭሩ ንገሩት፦ በሽታ አለ፣ እጃችንን እንታጠባለን፣ እኛ አለንልህ። ለጨዋታ ውድ ነገር አያሻም። መሬት ቆፍሮ ገበጣ፣ ጠጠር ለቅሞ ቅልሞሽ፣ ማታ «እንቆቅልህ» «ምን አውቅልህ»።

ሴት ልጆችን በተመለከተ ግን አጥብቄ የምናገረው አለኝ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ በገጠር ያለ ዕድሜ ጋብቻ በር ይከፈትለታል። ልጅቱ ድንገት ዝም ካለች፣ ዘመድ ተደጋግሞ መምጣት ከጀመረ ጠይቁ። ለመምህሯ፣ ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም ለፖሊስ ንገሩ።

ዘጠነኛ፦ ገንዘብ፣ መጠጥና ጠብ

የቀን ሠራተኛ፣ ሊስትሮ፣ ሻይ የምትሸጥ እናት የሚጨነቁት አእምሯቸው ታምሞ አይደለም፤ ነገ የሚበላ የለም። ለእነሱ የትንፋሽ ልምምድ ብቻ መንገር አይገባም። ዕድራችሁ ካዝናው ውስጥ ያለውን ለቀብር ብቻ ብሎ ከሚያስቀምጥ ከፊሉን በብድር ይስጥ፤ ዕቁቡ ዕጣውን ለቸገረው ያስቀድም። ያኔ «ማዕድ ማጋራት» ብለን ያደረግነው ብዙ ቤት አትርፏል። አበዳሪያችሁንም ሳትደበቁ ቀድማችሁ አነጋግሩ።

ጠላና አረቄ ለጊዜው ያደነዝዛል፤ ሌሊት ግን እንቅልፉን ይሰብረውና በማግስቱ ጭንቀቱ ብሶ ይነሣል። ለመተኛት ብላችሁ አትጠጡ። ወንዶች ሆይ፣ ቤት ውስጥ ደማችሁ ሲፈላ ከማንም ጋር ሳትነጋገሩ ግቢ ውጡ፣ ዞሩ፣ ፊታችሁን ታጠቡ፤ ሲበርድላችሁ ተመለሱ። እጁ የሚነሣባት ሴት ደግሞ ከአንድ ጎረቤት ጋር ምልክት ትያዝ፤ ለምሳሌ ቀይ ጨርቅ አጥር ላይ፣ ወይም «ወንፊት አውሱኝ» የሚል ቃል። «ከቤት አትውጡ» የሚለው ትእዛዝ የምትደበደብ ሴት ቤት ትቆይ ማለት አይደለም።

አሥረኛ፦ ለይቶ ማቆያ ከገባችሁ

ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ተሸኝተው ማደሪያቸው ለይቶ ማቆያ ሆኖ ነበር። አሥራ አራት ቀን አንድ ክፍል ውስጥ ረጅም ነው፤ አሥራ አራት መስመር ግድግዳ ወይም ወረቀት ላይ አስምሩና በየማታው አንዱን ሰርዙ። ቻርጀር፣ የምትወስዱት መድኃኒት፣ ነጠላ ወይም ጋቢ፣ የጸሎት መጽሐፍ፣ ቆሎ ይዛችሁ ግቡ። ከጎን ክፍል ካለው ሰው ጋር በየጠዋቱ በግድግዳ ተነጋገሩ።

ከዚያ ለሚመለስ ሰው ደግሞ የሰፈሩ ፊት ከበሽታው ይበልጥ ይከብደዋል። ቤቱን በጣት አታሳዩ። ጊዜውን ጨርሶ የወጣ ሰው አያስተላልፍም። የመጀመሪያው ቀን ከበር ቆማችሁ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» በሉት፤ ልጆቹን ከልጆቻችሁ አትለዩ።

ወደ ሐኪም መቼ?

የሚከተሉት ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ማለት ይቻላል ከቆዩ ራስን በራስ ማከም በቂ አይደለም፦ የሚወዱትን ነገር ሁሉ መጥላት፣ ከአልጋ ለመነሣት አለመቻል፣ ክብደት መቀነስ፣ ማልቀስ አለማቆም ወይም እያዘኑ ጨርሶ ማልቀስ አለመቻል። ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማት ከመጣ ግን ሁለት ሳምንት አትጠብቁ። መንገዱ ቅርብ ነው፤ ከቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል። ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ባሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል።

«ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ «እንዲህ አይባልም» ብላችሁ አፉን አትዝጉት። «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፣ ብቻውን ከመሆን ያወጣዋል። ብቻውን አትተዉት። የአረም፣ የተባይና የአይጥ መድኃኒት ቤት ውስጥ ካለ አውጥታችሁ ሌላ ሰው ጋ ቆልፉ፤ ገመድና መሣሪያም እንዲሁ። በዚያኑ ዕለት ሐኪም ጋ ይድረስ። ለዚህ ጉዳይ የወረርሽኝ ክልከላ ምክንያት አይሆንም።

የአእምሮ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ይወስድ የነበረ ሰው እንዳያቋርጥ መንገድ ከመዘጋቱ በፊት የሁለት ወር ያህል ያስጽፍ። ጠበል የሚጠመቅም መድኃኒቱን አይተው፤ ሁለቱን አብረው የያዙ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ።

መንገድ ሲከፈት

ክልከላው ሲነሣ ሁሉም ወዲያው ደስ ይለዋል ብላችሁ አትጠብቁ። ሰው መሃል መግባት የሚያስፈራው አለ፤ በመጀመሪያ አንድ ጎረቤት፣ ቀጥሎ ሱቅ፣ ከዚያ ገበያ እያለ ይመለስ። ያልተለቀሰ ለቅሶ ካለባችሁ ግን ከሁሉ በፊት እዚያ ሂዱ፤ ዘግይቷል ብላችሁ አትፈሩ።

እናቴ መስከረም ላይ ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ ወደዚያች ጎረቤታችን ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ወራት ያለፉት ሐዘን ነበር። በሩ ላይ ሲተያዩ ሁለቱም እንደ ትናንት ጮኹ፤ ተቃቅፈው ብዙ አለቀሱ። ከዚያ ጎረቤታችን ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ከሰል ልታያይዝ ተነሣች።